ስምንት ዩኒቨርሲቲዎችና አንድ አንቀጽ

እሑድ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለሆዴ፣

ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ በአፍንጫሽ ይወጣ ስለነበር «ደህና ነኝ» ያልሽኝን ግማሹን ብቻ ነው ያመንኩት። እኔ ደህና ነኝ። አጎትሽም ደህና ነው። መድኃኒት ቤቱን አዲስ ቀለም አስቀብቶ፣ ሰው በገባ ቁጥር «ግድግዳውን እንዳትነካ!» እያለ በሽተኛውን የባሰ ያሳምመዋል።

ደብዳቤ ምን አስጻፋት ትዪ ይሆናል። በስልክ እንደምታውቂኝ ነኝ። «እሺ»፣ «በርቺ»፣ «ብርድ እንዳይመታሽ» ካልኩ በኋላ ካርዱ ሳያልቅ እኔ አልቃለሁ። ወረቀት ግን ይታገሠኛል። የመኝታ ክፍል ጓደኛሽ አባት ረቡዕ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤታችሁ ስለሚጓዙ በእሳቸው እጅ እልከዋለሁ። ማመልከቻው የሚዘጋው ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ነው ብለሻል። ይህ ሲደርስሽ አንድ ወር ያህል ጊዜ ይቀርሻል ማለት ነው። የምነግርሽ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ስለ ዩኒቨርሲቲዎቹ ነው፤ እሱ ደስ የሚል ነው፣ እኔን እንኳ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሁለተኛው ስለ ድርሰትሽ ነው። ሁለተኛውን ሳታነቢ ማመልከቻውን እንዳትልኪ፣ አደራ።

አጎትሽ ስምንቱን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንዴት እንደመረጠልሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። ዝርዝሩን ላንቺ በላከ ማግስት ሄጄ ጠየቅሁት።

«በጥናት ነው» አለኝ።

«ምን ዓይነት ጥናት?»

ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ውስጡ ከመድኃኒት ሣጥኖች የወጡ የማብራሪያ ወረቀቶችና አስመጪዎች በነፃ የሚያድሏቸው መጽሔቶች ሞልተዋል። የመጽሔቶቹ ጽሑፎች ግርጌ ላይ ጥናቱን የሠሩት ፕሮፌሰሮች የየት ዩኒቨርሲቲ እንደሆኑ ተጽፏል። አጎትሽ አንድ ዩኒቨርሲቲ በተጠቀሰ ቁጥር በደብተሩ ላይ አንድ ጭረት እየጫረ፣ ብዙ ጭረት ያገኙትን ስምንቱን መርጦልሻል።

«አንደኛ የወጣው በምን በልጦ ነው?» አልኩት።

«በደም ግፊት» አለኝ፣ ፊቱ ሳይፈታ። «ሁለተኛውም ጥሩ ነበር፤ በጨጓራ ነው የተቀደመው።»

እዚያው አልሳቅሁበትም። ሰው ያለውን ይዞ ነው የሚያጠናው። እኔም ብሆን የማውቀውን ትንሽ ነገር የለቃቀምኩት ከተጣለ ወረቀት ነው። ከእንግሊዝኛ መጀመሪያ ያወቅሁት ካርቶን ላይ የሚጻፈውን «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ»ንና «ይህ ወገን ወደ ላይ»ን ነው። ከዚያ ከጓንት ማሸጊያ ወደ መርፌ ማሸጊያ፣ ከመርፌ ማሸጊያ ሐኪሞቹ ወደሚጥሏቸው ገጾች አለፍኩ። መሃሉ የተቀደደ ጽሑፍ ካገኘሁ የጎደለውን ስገምት እውላለሁ። ስለዚህ አጎትሽን እንደ ባልደረባ ነው ያየሁት።

ግን በሥራችን አንድ ደንብ አለ። የኦፕራሲዮን መሣሪያ የምናሽገው ሁለት ሆነን ነው። አንዱ ከዝርዝሩ ላይ ይጠራል፣ ሌላው ዕቃውን በጣቱ ይነካል። ጣት ሳይነካው «አለ» ማለት ክልክል ነው። ዐይን ሲቸኩል ዘጠኝ መቆንጠጫ አሥር ሆኖ ይታየዋል። እኔም የአጎትሽን ዝርዝር አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ስምንቱን አንድ በአንድ ልነካቸው ተነሣሁ።

የረዳኝ የማደንዘዣ ሐኪሙ ነው። ያ ወሬኛውና ሳቂታው። ጋሽ እንፋሎት «ይሄ ልጅ መርፌውን ለምን ያባክናል፣ በወሬው ብቻ አያስተኛቸውም ወይ» የሚሉት። (ጋሽ እንፋሎት ያው በእንፋሎት የሚሠራውን የመሣሪያ ማምከኛ ማሽናችንን የሚያንቀሳቅሱት ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ነው በተባለ ቁጥር ማሽኑ ይበላሻል፤ ሳያስቡበት አይመስለኝም።) ሐኪሙ በምሳ ሰዓት የተረኞች ክፍል ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ከፍቶ ያስቀምጠኛል፣ ራሱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ዳቦውን ይበላል።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ የት ሊመዘገቡ ነው?»

«ልጄ ናት እንጂ እኔ ምን ቤት ነኝ።»

«እሺ፣ ልጅዎ ናት እንበል» ይለኛል።

የመጀመሪያው ቀን የዝርዝሩን አንደኛ ከፍቼ የሕክምና ትምህርት ቤቱን መግቢያ መስፈርት ማንበብ ጀመርኩ። እየደጋገምኩ ባነበውም አልገባኝ አለ።

«ዶክተር፣ እዚህ ላይ ስሕተት ሳይኖር አይቀርም። ለመግባት መጀመሪያ የኮሌጅ ዲግሪ ይላል።»

«ስሕተት አይደለም። እዚያ አገር ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ በቀጥታ ሕክምና የሚገባ ከስንት አንድ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ለራሳቸው ልጆች ነው። መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ። ከዚያ ትልቅ ፈተና። ከዚያ አራት ዓመት ሕክምና። ከዚያ እንደኔ ሰው ለማስተኛት ደግሞ ሌላ አራት ዓመት።»

በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጣቴ አልበቃ አለ።

«እስከዚያ ድረስ በሽተኛው ምን ይሆናል?»

«ሌላ ሐኪም ያየዋል፣ እትዬ። አይጨነቁ።»

እንግዲህ ገባሽ? አጎትሽ የደም ግፊት ጭረቱን ሲቆጥር የነበረው አንቺ የማትገቢበትን ቤት ነው። አንቺ አሁን የምታመለክቺው ለኮሌጁ ነው። ሕክምና ትምህርት ቤቱ ከኮሌጁ አጠገብ ቢኖርም ባይኖርም፣ ከአራት ዓመት በኋላ እንደማንም ሰው ተወዳድረሽ ነው የምትገቢው፤ ምናልባትም ሌላ ከተማ ያለውን። ሰው የሚገዛውን ቤት ትቶ የጎረቤቱን አጥር አድንቆ ውል እንደሚፈርመው ነው የሆንነው።

ቀጥሎ ያነበብኩት ደግሞ የባሰ አስገረመኝ። በእነዚያ አራት ዓመታት ለሕክምና የሚያዘጋጅ ትምህርት የሚሉት አንድ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አይደለም። ባዮሎጂውን፣ ኬሚስትሪውን፣ ፊዚክሱን በሚገባ ከወሰድሽ፣ የቀረውን ሙዚቃ ብታጠኚ፣ ታሪክ ብታጠኚ፣ የከዋክብት ነገር ብታጠኚ የሚከለክልሽ የለም። ይህንን ለጋሽ እንፋሎት ስነግራቸው የማሽኑን ሰዓት ማየት ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ሆዴን ሊቀደኝ ነው?»

«ሕክምናውንም ይማራል እኮ።»

«እሱስ ይሁን። ግን ሆዴን ከፍቶ ዜማ እንዳይመጣበት።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ምሳ ሰዓት ሙሉ የኮርስ ዝርዝር ሳነብ ነው ያለፈው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንቺ የሚሆነውን መፈለጉን ረስቼው ነበር። በአንዱ ኮሌጅ የወረርሽኝ ታሪክ የሚባል ትምህርት አለ። በሌላው ሰው ሕመሙን ለሐኪም ሲናገር ምን ቃላት እንደሚመርጥ የሚያጠና ትምህርት አለ። አንዱ ጋ ደግሞ ሐኪሞች እጃቸውን መታጠብ የጀመሩት መቼ እንደሆነ፣ ያንን መጀመሪያ የተናገረውን ሰው ለምን እንደሳቁበት የሚተርክ አገኘሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚሰጠው። ሰዓቱን ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። እዚያ ክፍል ከኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ሴትዮ ብትኖር ማንም የሚያስወጣት አይመስለኝም ብዬ አሰብኩ።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ስምንቱን ስነካቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው «አለ» ያልኩት። ምክንያቴን ልንገርሽ፣ ካልተስማማሽ ሰርዢው። አንዳንዱ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለአገሩ ልጅ ስለ ቤተሰቡ አቅም ሳይጠይቅ ይቀበልና፣ ለውጭ ተማሪ ሲሆን ግን መጀመሪያ አቅሙን ይጠይቃል። ይህ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ነው ያለው፤ የመጀመሪያው በትልቅ ፊደል፣ ሁለተኛው በደቃቅ ነው። እኔ ደግሞ ከመድኃኒት ወረቀት ስለተማርኩ ደቃቁን ነው ቀድሜ የማነበው። አንዳንዱ ለውጭ ተማሪ ምንም እገዛ የለውም። እነዚያን አወጣኋቸው። በምትካቸው አጎትሽ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸውን አራት ትንንሽ ኮሌጆች አስገብቻለሁ፤ ዝርዝሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ሕክምና ትምህርት ቤት የላቸውም፣ ሆስፒታል የላቸውም። ክፍላቸው ግን አሥራ አምስት ሃያ ልጅ ነው የሚይዘው። ሐኪሙ እንዳለኝ ኋላ ሕክምና ትምህርት ቤት ስታመለክቺ መምህሮችሽ ስለ አንቺ ይጻፉ ይባላል፤ ሦስት መቶ ልጅ ባለበት አዳራሽ የተቀመጠችን ልጅ ደግሞ ማን ያውቃታል? አንቺ ደግሞ በእኔ ወጥተሽ ብዙ አትናገሪም። ዝም የምትል ልጅ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው የምትታየው።

አጎትሽ ዝርዝሩን ሲያይ ተቆጣ። «ስማቸውን ለሰው ስነግር ምን ይሉኛል? ማንም አያውቃቸውም!» አለ። «አንተ ነህ የምትማረው?» አልኩት። «አንቺስ ነሽ?» አለኝ።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱንም ሳልሸፋፍን ልጻፈው። አራቱን ዓመት ጨርሰሽም ቢሆን፣ እዚያ ያሉት ብዙዎቹ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ ዜጋ አይቀበሉም። የሚቀበሉትም ጥቂት ነው የሚወስዱት፤ አንዳንዶቹ የአራቱን ዓመት ወጪ አስቀድማችሁ አሳዩን ይላሉ። በሩ ዝግ አይደለም፤ ጠባብ ነው። እዚህ ያለው የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ በቀጥታ ያስገባል፣ በስድስት ዓመት ያስመርቃል፣ ከቤታችን በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል። አውቶቡሱን ያነሣሁት ለመረጃ ያህል ነው። ተመለሺ እያልኩሽ አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ አንቺው ነሽ የምትነኪው።

አሁን ሁለተኛው ነገር።

ድርሰትሽን ለአጎትሽ የላክሽለት እንግሊዝኛውን እንዲያይልሽ ነው አይደል? አትሞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ለነበርነው ሁሉ እየተረጎመ አነበበልን። አንዲት ሳል የያዛት ሴትዮ እንኳ ሳሏን ይዛ ሰማችው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገና «ይሄኛው ስለ ሳይንስ ነው፣ ይከብዳችኋል» ብሎ ዘለለው። ሲጨርስ ወረቀቱን በግንባሩ ደፍቶ አስቀመጠው። እኔ ደግሞ የተደፋ ወረቀት ሳላነብ ማለፍ አልችልም። ይዤው ቤት ገባሁና መዝገበ ቃላቴን ዘረጋሁ።

እንዲህ ይላል፦ «እናቴ የኦፕራሲዮን ነርስ ናት። ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ መቀሱን የምታቀብለው እሷ ናት። ቤት ስትመለስ ስለዳኑት ሰዎች ትተርክልኛለች። ሐኪም የመሆን ምኞቴ የተወለደው ከእሷ ታሪኮች ነው።»

መጀመሪያ የሌላ ልጅ ድርሰት የተቀላቀለ መስሎኝ ከላይ ስምሽን ፈለግሁ። ስምሽ አለ። እንደገና አነበብኩት። ሴትዮዋን ወደድኳት። እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ቤት ገብታ ትተርካለች። እኔ ቤት ስገባ የማወራሽ ስለምን ነበር? ስለ ጫማሽ፣ ስለ ቤት ሥራሽ፣ እንጂ ስለ ማን መዳን አወራሁሽ? ማን እንደዳነ ምድር ቤት ወርዶ ለእኛ ክፍል የሚነግር የለም እኮ። የሚመጣልን ዕቃው ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን ለአጎትሽ መለስኩለት።

«አየሽው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«አየሁት።»

«ውሸት እኮ አይደለም፣ ማሳመር ነው። አንቺ መሣሪያውን ለነርሷ ትልኪያለሽ፣ ነርሷ ለሐኪሙ ታቀብላለች። ልጅቷ መሃል ላይ ያለችውን ሴትዮ ብቻ ነው የቀነሰቻት።»

«መሃል ላይ ያለችው ሴትዮ የአራት ዓመት ትምህርት አላት።»

«አሜሪካ ተቀምጦ ማን መጥቶ ያጣራል? እህቴ፣ ሁሉም ያሳምራል።»

«አንድ ሰው የመድኃኒት ሣጥን ላይ የማለቂያውን ቀን ፍቆ አዲስ ቢጽፍበት፣ ማሳመር ነው ትለዋለህ?»

አጎትሽን ታውቂዋለሽ፤ ለሁሉ መልስ አለው። ያን ቀን ግን መደርደሪያውን መጥረግ ጀመረ። ቀድሞ የተጠረገ መደርደሪያ ነበር።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስነግርሽ አትሳቂብኝ። ድርሰቱን ከማስለውጥሽ እውነት ባደርገውስ ብዬ አሰብኩ። አንዴ ብቻ፣ አንድ መቀስ ብቻ ለሐኪም ባቀብል፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ግማሿ እንኳ ትቆምልሻለች ብዬ። ሐሙስ ዕለት ጋዋኔን አስተካክዬ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወጣሁ። የሚፈሩ ሰው ናቸው።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ መቀስ ለሐኪሙ ላቀብል።»

መነጽራቸውን አወረዱ። «አሞሻል?»

«አላመመኝም። ለልጄ ነው።»

ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ጥቂት አሰቡና «መንካት የሚባል ነገር አይታሰብም» አሉኝ። «ማየት ግን ትችያለሽ። ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ገብተሽ አይተሽ አታውቂም?»

«ግቢ ያለኝ የለም።»

«ልግባ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር፤ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

አርብ ጠዋት አጥበው፣ አልብሰው፣ ፀጉሬን ሸፍነው ከግድግዳው አጠገብ አቆሙኝ። «እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ። ከዚህች ጡብ አትለፊ» አሉኝ ሲስተር። ክፍሉ ከጠበቅሁት በላይ ቀዝቃዛ፣ ከጠበቅሁትም በላይ ትንሽ ነው። ወሬኛው ሐኪም ከበሽተኛው ራስጌ ሆኖ በዐይኑ ሳቀብኝና «እትዬ፣ እንዳይወድቁ፤ ለዛሬ የማስተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለኝ። የትርፍ አንጀት ነበር። በሽተኛውን አላየሁትም፤ ከጨርቅ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ያየሁት የመሣሪያ ጥቅሌን ነው። ሐሙስ በእጄ ያጠፍኩት ነው። ነርሷ መጀመሪያ የሩቁን ጫፍ፣ ቀጥሎ የግራና የቀኙን፣ መጨረሻ የቅርቡን ገለጠችው፤ እኔ ሳጥፍ የሄድኩበትን መንገድ ወደ ኋላ ስትመለስበት ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ሆነው ቆጠሩ፤ አንዷ ትጠራለች፣ አንዷ ትነካለች። የእኛን ክፍል ቋንቋ ሌላ አገር ሄጄ የሰማሁ ያህል ነው የሆንኩት።

ምን ያህል ነገር እንደገባኝ ብነግርሽ! ጠማማው መቀስ ሁልጊዜ ከቀጥተኛው ይበልጥ ቆሽሾ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ይገርመኝ ነበር። ለካ ሥጋ የሚቆርጠው ጠማማው ነው፤ ቀጥተኛው ክር ብቻ ነው የሚቆርጠው። ትንንሾቹ መቆንጠጫዎች ለምን ብዙ እንደሆኑ፣ ለምን ጠቅ ብለው መቆለፍ እንዳለባቸው አየሁ። ቁልፉ የላላውን ለይቼ ሳወጣ «ምን ያካብድሻል» የሚለኝ ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ቢያየው። ሐኪሙ እጁን ይዘረጋል፣ ቀና ብሎ አያይም፣ ዕቃው እጁ ላይ ይገኛል። ይሄን ማን አጠበው፣ ማን አሸገው ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲጠይቁም አልፈለግሁም። እዚያ ክፍል የእኔ ስም የሚነሣው የሆነ ነገር የጎደለ ቀን ነው።

ነርሷን ደግሞ አየኋት። ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት የትኛውን እንደሚፈልግ ታውቃለች። እሷ የምታውቀውን እኔ አላውቅም። የእሷን ሥራ ከእሷ ላይ ወስደን ለእኔ መስጠታችን፣ መሃል ላይ ያለችውን ሴትዮ መቀነስ ማለት ምን እንደሆነ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ሲያልቅ ወጣሁ። እጄ ምንም አልነካም፤ «አለ» ማለት አልችልም።

ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ አስረድቼሽ አላውቅ ይሆናል። ልጅ ነበርሽ፣ ትረሺዋለሽ። በዘጠኝና በአሥር ዓመትሽ ከትምህርት ቤት እየመጣሽ ማጠቢያው አጠገብ ያለው ሰማያዊ አግዳሚ ላይ ትቀመጪ ነበር። ጎዝ፣ ያንን ስስ የቁስል ጨርቅ፣ በአራት በአራት ታጣጥፊልኝ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ጠርዙ ይገጥምልሽ ነበር። ማሸጊያው ላይ ያለው መስመር ከማሽኑ ሲወጣ ለምን እንደሚጠቁር ጠይቀሽ ጋሽ እንፋሎት ግማሽ ሰዓት አስረድተውሻል። «ዋና ተቆጣጣሪ» ነበር የሚሉሽ። አሁንም «ተቆጣጣሪዋ ምን ደረሰች?» ይሉኛል። አንቺ ይህን ሁሉ ረስተሽዋል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አጥንተሻል፣ ራስ ስንቱን ይይዛል።

ደግሞ ያ የሽልማት ቀን አለ። ስምንተኛ ክፍል አንደኛ የወጣሽ ጊዜ። የጓደኛሽ እናት፣ ያቺ ጥሩ ሽቶ የተቀባችው፣ «እናትሽ የት ነው የምትሠራው?» አለችሽ። አንቺ «ኦፕራሲዮን ክፍል» አልሽ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ «ጎበዝ! እጅሽ ይባረክ!» አለችኝ። አንቺ ጫማሽን አየሽ። እኔ ፈገግ አልኩ። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። ዝምታዬ ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው ልበልሽ? ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር። ያን አንቀጽ መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያኔ፣ አፌን ዘግቼ።

አሁን ግን አውጪው። ሐኪሙን በደፈናው ጠይቄው ነበር። «እትዬ፣ እዚያ አገር ውሸት ከተገኘ ከተቀበሉም በኋላ ይሰርዛሉ» አለኝ። እሱ አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን አይደለም። አንድ ቀን ሐኪም ሆነሽ እጅሽን ስትዘረጊ፣ ምድር ቤት ያለች አንዲት ሴት «አለ» ያለችው ሁሉ እውነት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ። እኔ ሐኪም ባልሆንም ይህችን አውቃለሁ። ሐኪም ለመሆን የምትጠይቂበት ወረቀት በዚያው ልክ መሆን አለበት።

በምትኩ ምን ልጻፍ ትዪኝ ይሆናል። አላውቅም፤ ድርሰቱ ያንቺ ነው። እኔ ሳልኖርበትም ድርሰት ይሆናል። ብታወጪኝ አልቀየምም፣ በእውነት። ስለ ፊዚክስ መምህርሽ ጻፊ፣ ጉልበቷን እያመማት ደረጃ ስለምትወጣው የቤታችን አከራይ ጻፊ። ወይም ለምን ሐኪም መሆን እንደፈለግሽ ገና እንዳላወቅሽው ጻፊ፤ ያንንም የሚያነብ ሰው ያለ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ከየት መጣብሽ? ከእኔ ታሪክ ካልሆነ፣ ከምን? አንድ ቀን ፋታ ስታገኚ ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ። በእንግሊዝኛም ቢሆን ግድ የለም፣ መዝገበ ቃላት አለኝ።

አጎትሽ ሰላም ብሎሻል። በአራቱ ኮሌጆች አሁንም ተኮሳትሯል፣ ግን ትናንት የአንዱን ስም ለደንበኛ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ጋሽ እንፋሎት «ቫዮሊኑን ተዪው በያት» ብለዋል። ሹራብ ለብሰሽ ተኚ።

የምትከፍቺው ገጽ ሁሉ ይገለጥልሽ። የምትቀመጪበት ክፍል ይቀበልሽ፣ የሚያስተምሩሽ ሰዎች ስምሽን ይወቁት። ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይከልልሽ፤ እንደወጣሽ ሳይሆን በልጠሽ ያሳየኝ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሐኪሙ ማመልከቻው ላይ «የእናት ሥራ» የሚል ቦታ እንዳለ አሳይቶኛል። ምን ብለሽ እንደሞላሽው አልጠየቅሁሽም፣ አልጠይቅሽምም። ባዶ ከሆነ ወይም ልታስተካክዪው ከፈለግሽ፣ እዚያ የሚገባውን ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ። ከዚህ ገልብጪው።

የምትወድሽ እናትሽ፣
የኦፕራሲዮን መሣሪያ አጣቢና አሻጊ